መዶሻ ፍለጋ መርካቶ

አባቴ መርካቶን ከረገጡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ግርግሩም አይመቻቸውም፤ እኛም «የሚያስፈልግዎትን እናመጣልዎታለን» እያልን ከቤት አስቀርተናቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ሳሎን ውስጥ ሲጠብቁን አገኘናቸው። ልጄ መዶሻ ልትገዛ ነው። መዶሻ ደግሞ እሳቸው በሌሉበት አይገዛም።

ለመዶሻ ይህ ሁሉ ሰልፍ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ። ለእኔ መዶሻ ምስማር የሚመታበት፣ ሲጠፋ ደግሞ በዘነዘና የሚተካ ዕቃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የእንጨት ሥራ ተምራ ከጨረሰች በኋላ እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናው አጠገብ ቆርቆሮ አስመትታ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍታለች። ቁም ሳጥን፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የኪችን ካቢኔት ትሠራለች። ከጥቂት ወራት በፊት የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ አገኘች፤ የአንድ ቤት ሙሉ የኪችን ካቢኔት። ሰሌዳዎቹን እርስ በርስ የምታያይዘው በክብ የእንጨት ፒንና በኮላ ነው። ፒኑ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ መመታት አለበት። የጣውላ ቁራጭ ደረበችና በተለመደው የብረት መዶሻ መታች። ቁራጩ ተንሸራተተ። በነጩ በር ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስርጉድ ቀረ። ሁለተኛው በርም ላይ እንዲሁ። የቤቱ ባለቤት እጃቸውን በበሮቹ ላይ እያሻሹ አዩና «እነዚህን አልቀበልም» አሉ። ተሳስተዋል አልልም፤ እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር። ልጄ ሌላ ኤምዲኤፍ ገዝታ፣ እንደገና አስቀብታ ስታስረክብ የልፋቷ ትርፍ አልቆ ነበር።

ከዚያ የጎማ መዶሻ ገዛች። ጥቁሩን፣ ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሰዎች የሚይዙትን። እሱ አይሰረጉድም፤ ግን ይነጥራል። እንደ ኳስ ተመልሶ ይመጣል። ክንዷ ይደክማል እንጂ ፒኑ ፈቀቅ አይልም። ነጣ ባለ እንጨት ላይ ደግሞ ጥቁር አሻራ ይተዋል፤ እሱን ለማስለቀቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሌላ ግማሽ ቀን።

ይህን ሁሉ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ከረሙ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፋብሪካ ወርክሾፕ ቶርኖና ፍሬዛ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። አልጋቸው ሥር ማንም የማይነካው የእንጨት ሳጥን አለ። አንድ ማታ ሳጥኑን አስወጡና ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አንስተው ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። የእርሳስ መዶሻ ነው። መጻፊያው እርሳስ አይደለም፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የሚወጣው ከባድ፣ ለስላሳ፣ ግራጫ ብረት ነው። በወጣትነታቸው ራሳቸው በጣሳ አቅልጠው፣ ቅርጽ ውስጥ አፍስሰው፣ የቱቦ እጀታ አድርገውለት የሠሩት ነው።

«ፍሬዛ ላይ ያለዚህ አይሠራም» ብለው አስረዱን። የሚፈረዘው ብረት በሞርሳ ይታሰራል። ሞርሳው ሲጠብቅ ታዲያ ብረቱን በፀጉር ውፍረት ያህል ከመቀመጫው ያነሳዋል። የፀጉር ውፍረት እዚያ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራው ተንጋዶ ይወጣል። ስለዚህ መትቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በብረት መዶሻ ቢመታ ብረቱ ይቆስላል፤ መዶሻውም ሲነጥር የተቀመጠው ተመልሶ ይነሳል። እርሳስ ግን አይነጥርም። ያርፋል፣ እዚያው ይቀራል።

ልጄ ጉልበታቸውን ስማ ተቀበለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን እኔ ዘንድ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ እርሳስ ነው።»

«እና?»

«ልጁስ?»

የልጅ ልጄ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ በዳዴ የማይገባበት ጥግ የለም፤ ያገኘው ሁሉ ወደ አፉ ነው። እርሳስ ደግሞ በተመታ ቁጥር ይፋቃል። ብናኙ እጅ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ወለሉ ላይ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚዘልቀው ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳውም ገና በማደግ ላይ ያለውን አንጎላቸውን ነው። ወዲያው አያስለቅስ፣ አያስመልስ፤ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል አልያዝልህ ሲለው ማን መዶሻ ያስታውሳል?

«ለአባባ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» አለችኝ።

እኔም አላወቅኩም። የሰማንያ ዓመት ሰው በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ ዕድሜ ልካቸውን ያኖሩትን ዕቃ አውጥተው ሲሰጡ «መርዝ ነው» ይባላሉ? ተመካከርንና ግማሽ ውሸት አዘጋጀን። መዶሻው ከበዳት፣ ቀለል ያለ አዲስ ትግዛ። አባቴ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ፣ ለአንቺ ይከብዳል። እኔው ሄጄ ቀላሉን እመርጥልሻለሁ» አሉ። ውሸታችን አባቴን ካፖርት አስለብሶ ሳሎን አስቀመጣቸው።

ከመገናኛ ሚኒባስ ያዝን። ልጁን ለጎረቤት ሰጥተናል። ሕዝቡ ለአባቴ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን መቀመጫ ለቀቀላቸው፤ እኔና ልጄ ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ልጅ ድንገት መንገድ ተሻገረና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ የእኔ ግንባር የፊተኛውን መቀመጫ መታ። ወያላው ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ተሳደበ። አባቴ ግን ዞር ብለው ፊታቸው በርቶ ልጄን ፈለጓት።

«አየሽ? ታክሲው ቆመ። እኛ ግን አልቆምንም!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዘወር ብሎ አያቸው። እሳቸው ስለ መዶሻ ነበር የሚያወሩት። በኋላ እየሄድን ሲያስረዱን ገባኝ፤ ለእናንተም ላስረዳችሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁለትም። ልጄ የምትፈልገው መዶሻ በውጭ አገር ስሙ «ዴድ ብሎው» ይባላል፤ እኛ የማይነጥር መዶሻ እንበለው። ራሱ ውስጡ ክፍት ነው። ክፍቱ ቦታ በጥቃቅን የብረት ፍሬዎች ይሞላል፤ ግን እስከ አፉ አይደለም፣ ፍሬዎቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይተዋል። መዶሻው ሲወነጨፍ ፍሬዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። መዶሻው ዕቃውን መትቶ ሊነጥር ሲል፣ ልክ ፍሬን ሲያዝ እንደተወረወርነው ተሳፋሪዎች፣ ፍሬዎቹ ከኋላ ደርሰው ወደ ፊት ይገፉታል። መንጠሩን ያጠፉታል። ምቱ ለቅጽበትም ቢሆን ረዘም ይላል፤ ጉልበቱ ወደ ክንድ አይመለስም። እስከ አፉ ቢሞላ ኖሮ ፍሬዎቹ መንቀሳቀሻ ስለማይኖራቸው መዶሻው ከባድ ብቻ ይሆናል። ልክ ሰው ጢም ብሎ የሞላበት አውቶቡስ፤ ፍሬን ቢያዝም የሚወድቅበት ቦታ የለም።

መርካቶ ስንወርድ አባቴ ቆም ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። ሕንፃው በዝቷል። ድሮ በሚያውቁት ጥግ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞ አገኙት። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግን በቦታቸው ናቸው፤ በእነሱ አቅጣጫቸውን አስተካከሉ። ከሸክም ሠራተኛው «ዞር በል! ዞር በል!» ጩኸት ለማምለጥ እኔና ልጄ ግራና ቀኝ ይዘናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በከዘራቸው መንገድ እየከፈቱ ቀደሙን።

«ሸማ ተራ እንዴት ሆነ?» ብለው አንዱን ሊስትሮ ጠየቁ። በጥቅምት 2017 የደረሰውን ቃጠሎ በቴሌቪዥን አይተው ሁለት ቀን እህል አልበላ ብሏቸው ነበር። ሊስትሮው በጣቱ አቅጣጫውን ጠቆማቸውና ብሩሹን ወደ ማንኳኳቱ ተመለሰ።

መርካቶ የሚለው ስም የጣሊያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ድሮ ትልቁ የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት፣ ጣሊያኖቹ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። እነሱ ሄዱ፣ ስሙ ቀረ። አባቴ እንደሚሉት በወርክሾፕም የሆነው ይኸው ነው፤ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ ናቸው። «መዶሻ ግን የራሳችን ነው፤ መምታትማ ማን ያስተምረናል?» ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድን፤ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን መዶሻ ያውቁታል። የተጣበቀ ጎማ ለማላቀቅ፣ ከአልሙኒየም የተሠራ ክዳን ሳይሰበር ለመክፈት ይጠቅማቸዋል። አንድ ሱቅ በር ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው መዶሻ ተሰቅሎ ስናይ ልጄ ሮጠች። ባለሱቁ አወረደላት። አባቴ ተቀበሏትና ጆሯቸው አጠገብ አድርገው እንደ ጸናጽል ወዘወዙት።

ዝም።

«ይሄ ድምፅ የለውም» አሉ።

«ፋዘር፣ ዝምተኛ መዶሻ ነው» አለ ልጁ ሳቅ እያለ።

ዝምተኛ ሳይሆን ባዶ ነው። ቀለሙም ቅርጹም አንድ ሆኖ ውስጡ ድፍን ፕላስቲክ ብቻ የሆነ መዶሻ ገበያው ላይ አለ። ዕቃ ባያቆስልም ይነጥራል። እናንተም ልትገዙ ብትሄዱ መጀመሪያ ወዝውዙት፤ ፍሬዎቹ ሲንሸራተቱ መስማት አለባችሁ። ባለሱቁ ቅር ሳይለው ሌላ አመጣ። ይሄኛው ይንሾካሾካል፤ ግን አራት ፓውንድ ተጽፎበታል። ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ የከባድ መኪና ሰዎች የሚይዙት። በዚህ የኪችን በር ቢመታ በሩ ከግድግዳው አልፎ ጎረቤት ይገባል።

«ምናለሽ ተራ እንሂድ» አሉ አባቴ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ነበር የሚጠብቁት። ሌላውን ሁሉ የሄዱት ለእኛ ሲሉ ነው።

ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። እዚያ የሌለ ነገር የለም፤ ያለው ግን ሁሉም አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ነበር። ያለ ክዳን የቀረ ድስት፣ ያለ ድስት የቀረ ክዳን፣ የተፈታ ሞተር፣ የዘጉበት በር የጠፋ ቁልፍ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲጠጉ ግን ድምፁ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይወጣል፣ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ይወጣል። አባቴ ከአንድ ቀጥቃጭ አጠገብ ቆሙና ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ይሄ መስፉ ጥሩ ነው» አሉ። እንዴት አወቁ? መዶሻው ከመስፉ ነጥሮ ሲመለስ በሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅ። እዚያ መንጠሩ ጥሩ ነው፤ ቀጥቃጩ መዶሻውን እንደገና ለማንሳት አይለፋም፣ መስፉ ያነሳለታል። ስለዚህ የሚነጥር መዶሻ መጥፎ ነው አይባልም፤ ሥራው ይለያያል። ለካስ እኔ ዘነዘና ይዤ የኖርኩት በድንቁርና ነው።

ቀጥቃጩ አጠገብ ሁለት ጎልማሶች መዶሻ በመዶሻ እየመቱ የተጣበቀ ነገር ሊያላቅቁ ሲሞክሩ አባቴ ከዘራቸውን አንስተው አስቆሟቸው። በጠንካራነቱ የተሠራ ብረት ከሌላ ጠንካራ ብረት ጋር ሲጋጭ ስንጣሪ ይበራል። የሥራ ባልደረባቸው አንድ ዓይኑን ያጣው እንዲህ ነው። ሰዎቹ «እሺ አባባ» አሉ፤ እኛ ዞር ስንል ድምፁ ሲቀጥል ሰማሁ።

ከዚያ መሬት ላይ ሸራ አንጥፈው አሮጌ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ አባት ዘንድ ደረስን። ፒንሳው፣ መጋዙ፣ የተቆረጠ ሜትሩ በሥርዓት ተደርድሯል። መሀላቸው ላይ የማይነጥር መዶሻ አለ፤ የውጭ ዕቃ፣ በጣም አሮጌ፣ ቀለሙ ደብዝዟል። አባቴ አንስተው ሲወዘውዙት ድምፁ ጥሩ ነው። ሲገለብጡት ግን ከጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ጥቂት ፍሬዎች መዳፋቸው ላይ ፈሰሱ። ጤፍ ሳይሆኑ ስንዴም ሳይሆኑ፣ በመካከል ያሉ፤ ጥቁር ግራጫ።

ሻጩ ከኋላቸው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተፈታ ማግኔት አንስተው ሰጧቸው። በጨዋታ ይመስላል የሰጡት። አባቴ ማግኔቱን ወደ መዳፋቸው አስጠጉ። ፍሬዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ብረት አይደለም» አሉ ሻጩ። «እርሳስ ነው። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው። የአሁኖቹ ግን ብረት ነው የሚሞሉት። ቤትዎ ሕፃን ካለ ይህን አይውሰዱት አባባ፤ እኔም የምሸጠው ለእጀታው ነው።»

አባቴ መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሻጩ ጣሳ መለሱ። ከዚያ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ጠየቁ። ልጄ እኔን አየችኝ፤ እኔ መጋዞቹን አየሁ። ማንም ምንም አላለም።

መጨረሻ ላይ መዶሻውን ያገኘነው አዲስ የእጅ መሣሪያ በሚሸጥ አንድ ሰፊ ሱቅ ነው። ሻጯ ወጣት ሴት ናት፣ ዕቃዋን ታውቃለች። ሁለት ዓይነት ዘረጋችልን። አንዱ ከራስ እስከ እጀታ በአንድ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ላዩ ፖሊዩሪቴን፣ ውስጡ ፍሬውን የያዘ ጣሳና በእጀታው ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ። ራሱ ከእጀታው አይወልቅም፤ ዘይትና ግሪስም እንደ ጎማ አያበላሸውም። ሲያረጅ ግን ጥገና የለውም፣ መጣል ነው። ሌላኛው ራሱ ብረት ሆኖ ግራና ቀኝ የናይለን ግንባር የሚገጠምለት ነው። ግንባሩ ሲያልቅ ይፈታና በሌላ ይቀየራል። ዋጋው ከፍ ይላል። መለወጫ ግንባሩ ነገ እዚሁ የሚገኝ ከሆነ ይህኛው ይሻላል፤ ካልተገኘ ግን ግማሽ መዶሻ ይዞ መቅረት ነው። ሻጯን ጠየቅናት፤ «አሁን የለኝም» አለች። እውነቱን ስለነገረችን አመሰገንኳት፤ ባለ አንድ ወጡን ለመግዛት ወሰንን።

አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወጥተው ሲሚንቶው ላይ ፈተና አቆሙ። የጎማ መዶሻ ተዋሱና እጀታውን ላላ አድርገው ይዘው ከአንድ ስንዝር ከፍታ ለቀቁት። ሁለት ጊዜ ዘለለ። ከዚያ ሌላውን ለቀቁ። ድፍ። እንደ ጤፍ ከረጢት ወርዶ እዚያው ቀረ። ሦስት ተላላፊዎች ቆመው ነበር፤ አንዱ «እስቲ ይድገሙት አባባ» አላቸው፤ ደገሙት።

የቀረው ክብደቱ ነው። ሻጯ ያላት ባለ 16 አውንስና ባለ 32 አውንስ ነበር፤ የመጀመሪያው 450፣ ሁለተኛው 900 ግራም አካባቢ። ለእንጨት ሥራ በአብዛኛው በእነዚህ መካከል ያለው ይበቃል። አባቴ ትንሹን አነሱ።

«ይሄ ለአንቺ ልክ ነው። እጅሽ ትንሽ ነው።»

ሻጯ የኤምዲኤፍ ቁራጭና ጥብቅ ያለ ፒን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችላት። ልጄ በትንሹ መታች፤ ስድስት ሰባት ጊዜ ደብድባ ፒኑ ገባ። ሌላ ፒን አቆመችና በትልቁ መታች። በሁለተኛው ምት ገጠመ፤ ሰሌዳው ላይ ምልክት የለም። መዶሻውን ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ክንዷን ዘርግታ ይዛ ቆየች፣ እጅ ቀየረች።

«ትልቁን ነው የምወስደው አባባ። መዶሻው ከብዶ ሲመታ እኔ አልለፋም።»

«አይከብድሽም?»

«ካቢኔት ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ እኮ።»

አባቴ ዝም አሉ። ትልቁን መዶሻ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፤ ከዚያ ቀስ ብለው «የእኔም እኮ ከዚህ አይበልጥም» አሉ።

እውነት ነው። የእሳቸው የእርሳስ መዶሻም ኪሎ አይሞላም። ልጄ አንገቷን ደፋች። ሻጯ ደረሰኝ የምትፈልግ መስላ መሳቢያዋን ከፈተች።

«ለልጁ ብለሽ ነው?» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ንገሪኝ እንጂ። ባውቅ እሰጥሽ ነበር?»

ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ አወጡ። የጡረታቸው ነው። እኔም ልጄም ልንከፍል እጃችንን ሰደድን፤ በከዘራቸው መለሱን። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ጋዜጣው ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ይቀየራል።

ሻጯ መዶሻውን በጋዜጣ እየጠቀለለች ማስጠንቀቂያውን ነገረችን። ምስማር አይመታበትም፤ የብረት ስለታም ጠርዝም አይመታበትም፣ ግንባሩን ይበሳዋል። ስንጥቅ ከታየበት መጠቀም ማቆም ነው፣ ፍሬው ይፈስሳል። ፀሐይ ላይ ጥሎ መዋል ዕድሜውን ያሳጥራል። ሲመቱ ደግሞ የዓይን መነጽር፤ መዶሻው ባይሰነጠርም የሚመታው ነገር ሊሰነጠር ይችላል። አባቴ በእያንዳንዱ ነጥብ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ተማሪ ሲያደምጥ ደስ እንዳለው መምህር።

ስንመለስ ታክሲው ባዶ ነበር፤ ሦስታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አባቴ እጃቸውን ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ።

«ያኔ ባትሪውን ስናቀልጥ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በዚያው እጅ ነበር ምሳችንን የምንበላው። ቱታዬን እናትሽ ከእናንተ ልብስ ጋር ነበር የምታጥበው። አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ።»

ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። «ይኸው ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ ነው አባዬ» አልኳቸው። ለመሳቅ ሞከሩ።

«ሒሳብ ላይ ግን ደካማ ነበርሽ» አሉ።

«እሱማ በእናቴ በኩል ነው።»

በዚህ ጊዜ በደንብ ሳቁ፤ ወያላውም ሳይገባው ሳቀ።

ቤት እንደደረስን ልጄ ልብሷን ሳትቀይር ወርክሾፕ ገባች። አባቴ ግን ወደ ክፍላቸው ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋቸው። የእርሳስ መዶሻውን በሁለት የላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከተው፣ ክዳኑን በሽቦ አሠሩና ከቁም ሳጥኑ አናት በስተኋላ በኩል እንድጭንላቸው ጠሩኝ። ጨርቁን ብቻ ለብቻው ሰጡኝና «ይቃጠል ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ማቃጠል አይሆንም፣ ጭሱም ይጎዳል አልኳቸው። እሱንም በላስቲክ አድርገን ጣሳው ውስጥ ጨመርነው። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ክርናቸው ድረስ።

ሲመሽ ሕፃኑ ከወርክሾፑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተኝቶ ነበር። ድሮ እናቱ መዶሻ ስታነሳ ገና በመጀመሪያው ምት ይነቃ ነበር፤ የብረቱ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ያስተጋባ ነበርና። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን ወደ ወርክሾፑ አዙረው ተቀመጡ። ድፍ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ድፍ። ከአጥር ማዶ ሰው ሆድ ላይ ትራስ የወደቀ ይመስላል። ልጄ ወጥታ በጣቷ ጠራቻቸውና የካቢኔቱን ማዕዘን አሳየቻቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጥፍራቸውን በመጋጠሚያው ላይ አንሸራተቱ። ጥፍራቸው የሚይዘው ነገር አላገኘም።

ሕፃኑን ለማየት ገባሁ። አውራ ጣቱን እየጠባ፣ አፉ እየተንቀሳቀሰ፣ ተኝቷል።